ቡናው እስኪፈላ፦ ስልክ ከጨዋታችን ላይ የሚወስደው ምኑን ነው?

በቀደም እሑድ እዚህ ጎንደር፣ አዘዞ፣ አክስቴ ቤት ቡና ተጠርቼ ሄድኩ። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ፈንዲሻው ቀርቧል። አክስቴ ከሰሉን እያራገበች ስለ ጉልበቷ ትነግረኛለች። ሐኪሙ ምን እንዳላት፣ ማታ ማታ እንዴት እንደሚጠዘጥዛት። መሃል ላይ ኪሴ ውስጥ ስልኬ ነዘረ። አወጣሁት። የቴሌግራም ግሩፕ ነው፤ አንዱ የኳስ ቀልድ ለጥፏል። "እህ… እህ…" እያልኩ አነበብኩ። ቀና ስል አክስቴ ዝም ብላለች።

"ጨርስ፣ ኋላ እነግርሃለሁ" አለችኝ።

ጨረስኩ። እሷ ግን አልነገረችኝም። አቦሉ ተጠጣ፣ ቶናው ቀጠለ፣ የጉልበቱ ነገር በዚያው ቀረ።

ስለ ስልክና ስለ ማኅበራዊ ኑሯችን ሲወራ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ነው የምንሰማው። አንዱ "ትውልዱ ጠፋ" ይላል። ሌላው "ዘመኑ ነው፣ ተዉት" ይላል። ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ግን ሁለቱም አይነግሩንም። እስቲ ከዚያች ቡና እንነሳ። ("ዓ.ም." ካልተባለበት በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

"ጥገኛ" የሚባለው ማን ነው?

ስልክ ብዙ የሚጠቀም ሰው ሁሉ ጥገኛ አይደለም። የባጃጅ ሾፌር ቀኑን ሙሉ ስልክ ያነሳል፤ ሥራው ነው። ቅዳሜ ገበያ ያለች ነጋዴ በየደቂቃው ስልኳን ታያለች፤ የቴሌብር ክፍያ ገብቶላት እንደሆነ እያረጋገጠች ነው። እነዚህ ሰዎች ስልኩን ለጉዳይ ይዘውታል። ጉዳዩ ሲያልቅ ያስቀምጡታል።

ጥገኝነት የሚባለው ጉዳይ ሳይኖር እጅ ወደ ኪስ ሲሄድ ነው። ስልኩ ቤት ሲረሳ ሰው የሆነ ነገር እንደጎደለው ሲቅበጠበጥ ነው። "አንድ ደቂቃ" ተብሎ ተከፍቶ ግማሽ ሰዓት ሲሆን፣ ያም እንደሚጎዳ እየታወቀ ነገም ሲደገም ነው።

"ሱስ" የሚለውን ቃል ግን በጥንቃቄ ብንጠቀምበት ጥሩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የቪዲዮ ጌም ሱስን አስገብቷል። "የስልክ ሱስ" የሚባል በሽታ ግን እዚያ የለም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምንነጋገረው ስለ በሽታ ሳይሆን ስለ ልማድ ነው። የእኔንም ጨምሮ።

ፊት ለፊት ስንጨዋወት ምን እየተካሄደ ነው?

ጨዋታ ሲታይ ቀላል ይመስላል። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል፣ ከዚያ ተራ ይቀያየራሉ። ውስጡ ግን እጅግ የተፋጠነ ሥራ ነው። ተመራማሪዎች በ2009 የ10 ቋንቋዎችን ተናጋሪዎች አወዳድረው አንዱ ተናግሮ ሲጨርስና ሌላው ሲመልስ መሃል ያለችውን ክፍተት ለኩ። በአማካይ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ገደማ ሆና ተገኘች። ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ማለት ነው።

በዚህች ቅጽበት መልስ አስቦ መናገር አይቻልም። ስለዚህ አድማጩ ሌላው ሳይጨርስ ነው የሚዘጋጀው። ከድምፁ፣ ከፊቱ፣ ከትንፋሹ "አሁን ሊጨርስ ነው" ብሎ ይገምታል። ተናጋሪውም በበኩሉ የአድማጩን ፊት እያነበበ ይሄዳል። ግንባሩ ቋጠር ካለ ያብራራል። ፈገግ ካለ ቀልዱን ያስረዝማል።

እኛ አገር ደግሞ አንዲት የራሳችን ምልክት አለችን፤ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ተስቦ የምትባለዋ "እ!"። የውጭ ሰው መጀመሪያ ሲሰማት ይደነግጣል፤ የሆነ ነገር ያስበረገገን ይመስለዋል። ለእኛ ግን "አዎ፣ እየሰማሁ ነው፣ ቀጥል" ማለት ነው። ለአክስቴ የሰጠኋት "እህ" እና እውነተኛዋ "እ!" ይለያያሉ። እውነተኛዋ በቦታዋ ትመጣለች። የእኔዋ ዝም ብላ በየአምስት ሰከንዱ ትወርድ ነበር። አክስቴ ልዩነቱን ለማወቅ ፊቴን ማየት እንኳ አላስፈለጋትም።

ይህ የፊት ንባብ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደሆነ ያሳየ አንድ የታወቀ ሙከራ አለ። በ1970ዎቹ ኤድዋርድ ትሮኒክ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እናቶችን ከጨቅላ ልጆቻቸው ጋር እንዲጫወቱ አደረገ። ከዚያ እናትየዋ ለጥቂት ደቂቃ ፊቷን ፍጹም ዝም እንድታሰኝ ተነገራት። ፈገግታ የለም፣ ድምፅ የለም፣ ዓይኗ ግን ሕፃኑ ላይ ነው። ሕፃኑ መጀመሪያ ይስቃል፣ እጁን ይዘረጋል፣ የሚያውቀውን ዘዴ ሁሉ ይሞክራል። አልሆን ሲለው ፊቱን ያዞራል፣ አንዳንዶቹም ያለቅሳሉ። እናትየዋ ከፊቱ አልተነሳችም። እዚያው ናት፤ ግን የለችም።

ትልቅ ሰው አያለቅስም። "ጨርስ፣ ኋላ እነግርሃለሁ" ይላል።

አማርኛችን ለዚህ ጥሩ ቃል አለው፦ "ዘጋኝ" እንላለን። በ2012 አውስትራሊያ ውስጥ አንድ የማስታወቂያ ድርጅት በስልክ ምክንያት አጠገብ ያለን ሰው መዝጋት ስም ያስፈልገዋል ብሎ "ፈቢንግ" የሚል አዲስ ቃል አስፈጠረ። ዛሬ ተመራማሪዎችም ይጠቀሙበታል። እኛ ግን አዲስ ቃል የሚያስፈልገን አይመስለኝም። "በስልክ ዘጋኝ" ቢባል ጎንደር ውስጥ ያልገባው አይኖርም።

ስልኩ በየት በኩል ነው የሚገባው?

አብዛኛው ሰው ስልክ ሰዓታችንን እንደሚበላ ያስባል። ይበላል። የትኛውን ሰዓት እንደሚበላ ግን ልብ ብሎ ማየት ይጠይቃል።

ቡናን አስቡት። ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ጭሱ ይዞራል፣ ይወቀጣል፣ ጀበናው ይጣዳል፣ ይፈላል፣ ወርዶ እስኪሰክን ይጠበቃል። ከዚያ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ከምታፈላዋ ሴት በቀር ሌላው ሰው በዚህ ሁሉ ጊዜ ምንም ሥራ የለውም። መጠበቅ ብቻ ነው። ወሬ የሚወለደውም እዚያ ላይ ነው። ማንም ሰው ቡና ላይ ሲቀመጥ "ዛሬ ስለ ትዳሬ ችግር እናገራለሁ" ብሎ አይመጣም። ዝምታው ሲረዝም፣ የሚወራው ቀላል ወሬ ሲያልቅ፣ ያ ነገር ብቅ ይላል። ብዙ ጊዜም ወደ በረካው አካባቢ ነው።

ስልክ የሚገባው በዚህች ክፍተት ነው። አንዳንዴ እንደ እኔ ዋናውን ጨዋታ ያቋርጣል፤ ብዙ ጊዜ ግን የዋናውን ጨዋታ ሰዓት አይነካም። ጨዋታው ሊወለድባት የነበረችውን ሥራ ፈት ደቂቃ ነው የሚወስዳት። ዝም ስንል ቀድሞ ይጨንቀን ነበር፤ ጭንቀቱ እንድንናገር ይገፋን ነበር። አሁን ዝምታው ገና ሲጀምር መድኃኒቱ ኪስ ውስጥ አለ።

ፒያሳ የአዘዞ ታክሲ ስትጠብቁም ያው ነው። ድሮ ሰልፍ ላይ የማታውቀው ሰው "ዛሬስ ታክሲው የት ገባ?" ይልሃል። ትንሽ ታማርራላችሁ። ከዚያ አገርህን ይጠይቅሃል፣ የሩቅ ዘመድ ሆናችሁ ትገኛላችሁ። (ጎንደር ውስጥ አሥር ደቂቃ የተጨዋወቱ ሰዎች ዘመድ ሆነው ካልተገኙ አንዱ ደብቋል ማለት ነው።) አሁን ሰልፉ አለ፣ ታክሲውም እንደ ድሮው ይቆያል፤ ሰው ግን አንገቱን ደፍቷል።

ለምን ግን እጃችን ራሱ ይሄዳል?

ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ያልታወቀ ሽልማት ነው። ቢ. ኤፍ. ስኪነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ባለፈው ክፍለ ዘመን በርግብና በአይጥ ላይ ባደረጋቸው ሙከራዎች አንድ ነገር አስተዋለ። እንስሳው ቁልፏን በነካ ቁጥር እህል ካገኘ ሲርበው ይነካል፣ ሲጠግብ ይተዋል። እህሉ አንዳንዴ እየመጣ አንዳንዴ ከቀረ ግን ያለ ማቋረጥ ይነካል። ሎተሪ የሚፍቅ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ሁልጊዜ ባይደርሰውም "ምናልባት አሁን" ይላል። ስልክ ስንከፍት አብዛኛውን ጊዜ ምንም የለም። አንዳንዴ ግን ከውጭ አገር ወንድማችን ጽፏል፣ ፎቷችንን ሰው ወዶታል። ያቺ አንዳንዴ ናት የምትይዘን። ፌስቡክ "ላይክ"ን ያመጣው በ2009 ነበር፤ ለዚያ "አንዳንዴ" ቁጥር ሰጠው።

ሁለተኛው መጨረሻ ማጣት ነው። ጋዜጣ የመጨረሻ ገጽ አለው። ወሬ አንባቢው ጨርሶ ያጥፈዋል። በ2006 አዛ ራስኪን የተባለ ባለሙያ ገጹ ወደ ታች ሲጎተት ያለ ማቋረጥ እንዲቀጥል የሚያደርግ ንድፍ ሠራ። በኋላ ራሱ በአደባባይ ተጸጽቶበታል። ነገሩ ጠላ ቤት ያለችን ቸር ቀጂ ይመስላል። ዋንጫህ ጎደል ሳይል ትሞላዋለች። ስንት እንደጠጣህ አታውቀውም፤ አንድም ጊዜ ባዶ ዋንጫ አላየህምና።

ጠረጴዛ ላይ ብቻ ቢቀመጥስ?

"ኧረ እኔ አልነካውም፣ ብቻ አጠገቤ ይሁን" የሚል ብዙ ነው። ይህም ተጠንቷል፤ መልሱ ግን እንደሚወራው ቁርጥ ያለ አይደለም።

የእንግሊዙ ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የማይተዋወቁ ሰዎችን ሁለት ሁለት አድርገው ለአሥር ደቂቃ አጨዋወቱ። አንዳንዶቹ አጠገብ ስልክ ተቀምጧል፤ ሌሎቹ አጠገብ የማስታወሻ ደብተር። በ2012 የወጣው ውጤት ስልክ የነበረባቸው ሰዎች መቀራረባቸውን ዝቅ አድርገው እንደገመቱ አሳየ። በተለይ ቁም ነገር ሲያወሩ። ይህ ጥናት በዓለም ዙሪያ ተወራ። በ2018 ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ ሙከራ ደገሙት፤ ያንን ውጤት ግን አላገኙም። ስለዚህ "ስልክ ስላለ ብቻ ጨዋታ ይበላሻል" ብሎ መማል ይከብዳል።

በዚያው በ2018 የወጣ የካናዳ ጥናት ግን ወደ እኛ ሕይወት ቀረብ ይላል። ከ300 በላይ ሰዎች ከወዳጅ ዘመድ ጋር ካፌ እንዲበሉ ተደረገ። ግማሹ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ እንዲያስቀምጥ፣ ግማሹ ከፊቱ እንዲያርቀው። ስልካቸው ጠረጴዛ ላይ የነበረ ሰዎች ልባቸው ይበልጥ ተከፋፈለ፣ ምሳውንም ያነሰ ወደዱት። ልዩነቱ የሰማይና የምድር አልነበረም፤ ግን ነበር። ጠረጴዛ ላይ ያለ ስልክ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ይነካል።

ግን ስልክ አላቀራረበንም እንዴ?

አቀራርቦናል። ይህን ሳይሉ ማለፍ ነውር ነው። ጎንደር ውስጥ ከእስራኤል፣ ከዓረብ አገር ወይም ከአሜሪካ ስልክ የማይደወልበት ቤት ጥቂት ነው። ድሮ ደብዳቤ ወር ይፈጅ ነበር። ፒያሳ ፖስታ ቤት ሄዶ ሳጥን ማየትን የሚያስታውስ ያውቀዋል።

ጥናቱም እዚህ ጋ ይለሰልሳል። በ1998 አሜሪካኖች ገና ኢንተርኔት ያስገቡ ቤተሰቦችን ተከታትለው "ብዙ በተጠቀሙ ቁጥር ከቤተሰብ ጋር የሚያወሩት ይቀንሳል፣ ብቸኝነታቸውም ትንሽ ይጨምራል" አሉ። ዓለም ደነገጠ። እነዚያው ተመራማሪዎች ከጥቂት ዓመት በኋላ ሰዎቹን ደግመው ሲጠይቁ ግን አብዛኛው ጉዳት ጠፍቶ አገኙት። ሌላም ነገር አስተዋሉ፦ ተጫዋች የሆነ ሰው ኢንተርኔት ይበልጥ ያጎዳኘዋል፣ ዓይናፋሩን ይበልጥ ያርቀዋል። ላለው ይጨመርለታል እንደሚባለው።

ታዲያ ጉዳትና ጥቅሙን የሚለየው ምንድን ነው? እኔ እንደገባኝ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ስልኩ ያለውን ግንኙነት ተካው ወይስ በላዩ ጨመረ?

እድርን እንውሰድ። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ነፊው በየሰፈሩ ይዞር ነበር። አሁን በቴሌግራም ይለጠፋል። መልእክቱ ቶሎ ይደርሳል፣ ሰውም ቶሎ ይመጣል። ይህ መጨመር ነው። ነገር ግን አንዳንዱ መልእክቱ ሥር "ነፍስ ይማር" ብሎ ጽፎ፣ እጁን አጣምሮ የሚያሳይ ምልክት ጨምሮ፣ ለቅሶ የደረሰ ይመስለዋል። ይህ መተካት ነው። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሁለት ሰዓት ዝም ማለትን ምልክት አይተካውም። እዚያ የሚነገር ብዙ ነገር የለም። የሚሰጠው ራሱ መቀመጡ ነው።

ኢንተርኔት የጠፋ ጊዜስ ምን ሆነ?

እኛ ሳንጠየቅ አንድ ሙከራ ውስጥ ገብተን ነበር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። የተመለሰው ዓመት ሊሞላው ሲል፣ በ2016 ዓ.ም. ክረምት ነው፤ ያውም መጀመሪያ በተወሰኑ ከተሞች።

"ታዲያ ያኔ እንደ ድሮው ተጨዋወታችሁ?" ብሎ የአዲስ አበባ ጓደኛዬ ጠይቆኛል። እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ አዎ። ካርታ የሚጫወት በዛ። እኔ ራሴ ያን ዓመት ያነበብኩትን ያህል መጽሐፍ ከዚያ በኋላ አላነበብኩም። ካፌ ውስጥ ሰው ቀና ብሎ ይታይ ነበር።

ግን ከዚህ ሙከራ ብዙ ትምህርት ማውጣት አይቻልም። ጊዜው ጥሩ አልነበረም። በጸጥታው ምክንያት ሰው በጊዜ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ማታ ለጨዋታ ማን ይወጣል? የጠፋውም የኳስ ቀልዱ ብቻ አልነበረም። አክስቴ ዓረብ አገር ያለውን ልጇን ፊት ያን ዓመት አላየችም። እሱ በውድ ሒሳብ ይደውላል፣ ሁለት ደቂቃ "ደኅና ነኝ" ይባባላሉ፣ ይዘጋል። መረቡ ሲቋረጥ የሚተካውም የሚጨምረውም አብሮ ነው የሄደው።

ልጆችስ?

እዚህ ጋ አጠር ላድርገው። ፊት ማንበብ የሚለመድ ነገር ነው፤ ልምምድ ይፈልጋል። በ2014 የወጣ የካሊፎርኒያ ጥናት የ6ኛ ክፍል ተማሪዎችን ለ5 ቀን ስክሪን በሌለበት የተፈጥሮ ካምፕ አሰነበተ። ሲመለሱ የሰውን ስሜት ከፊት ላይ በማንበብ፣ እንደ ልማዳቸው ትምህርት ቤት ከዋሉት ጓደኞቻቸው ይበልጥ ተሻሽለው ተገኙ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ስክሪኑ መቅረቱ ይሁን አብሮ መሰንበቱ ለይቶ አይናገርም። አምስት ቀን ብቻ መብቃቱ ግን ለወላጅ ደስ የሚል ወሬ ነው።

የተበላሸውስ ይመለሳል?

ችግሩ ክፍተቷ ውስጥ ከሆነ መፍትሔውም እዚያው ነው። ስልክ መወርወር አያስፈልግም። ቡና ላይ ኮት ኪስ ውስጥ፣ ኮቱን ደግሞ መስቀያ ላይ። የምር የሚፈለግ ጥሪ ካለ "አንድ ስልክ እጠብቃለሁ" ብሎ አስቀድሞ መናገር። ያን ጊዜ ስታነሳው የዘጋኸው ሰው የለም። ሌላው ሁሉ እንደየሰዉ ነው።

እኔ ባለፈው እሑድ ስልኬን ጃኬቴ ውስጥ ትቼ ገባሁ። ቶናው ላይ የአክስቴ ስልክ ጮኸ። ኢሞ ነው፤ ልጇ ነው። የቡናው ዕቃ እንዲታየው ስልኩን እኔ ያዝኩላት።

"ወዴት ነው የምታይ?" አለችው።

"አንቺን ነዋ እማዬ!"

"አይደለም፣ ወደ ታች ነው የምታይ። ዓይኔን እየው እንጂ!"

ሁለቱም ልክ ናቸው። ካሜራው ከስክሪኑ በላይ ነው ያለው። ስክሪኑ ላይ ያለውን የእናቱን ዓይን ሲያይ እሷ ጋ የሚደርሰው ዝቅ ያለ ዓይን ነው። የስልክ ቪዲዮ እንደልብ ዓይን ለዓይን የማያገናኘው በዚህች ጣት በማትሞላ ርቀት ምክንያት ነው።

"ከላይ ያለችውን ቀዳዳ እያት" አልኩት።

አያት። አሁን እሱ የሚያየው አንዲት ጥቁር ነጥብ ብቻ ነው። አክስቴ ግን ሲኒውን አስቀምጣ ሳቀች።

"እንዲያ ነዋ! አሁን አየኸኝ" አለችው። ከዚያም ስለ ጉልበቷ ጀመረችለት።